ዓሣን በልክ ስለ ማጥመድ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው ምሳሌ በመጀመሪያ የተነገረው ስለ እሾሁ ነው፤ ቸኩሎ የጐረሰ ሰው እሾህ በጕሮሮው ይሰነቀርበታልና። ነገር ግን ብልሃት የሚያስፈልገው ዓሣውን ከገበታ ላይ ለሚያነሣ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከውሃ ውስጥ ለሚያወጣውም ነው። ያለ ልክ ያጠመደ ሰው እሾሁ የሚወጋው ዛሬ አይደለም፤ በልጆቹ ዘመን ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ፣ መንግሥት ዓሣ ማጥመድ በልክ እንዲሆን ስለ ምን ሕግ እንደሚያወጣ፣ ሕጉም ምን ምን እንደሚከለክልና ለማን እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው።

1ኛ፤ የደነባ ልጅ ስለ ዓሣ ምን አገባው?

በደነባ ትምህርት ቤት የተቀመጠ ተማሪ ይህን ሲያነብ፣ «በእኛ አገር ሐይቅ የለም፤ ባሕርም የለም፤ አገሩ ደጋ፣ አፈሩ መረሬ፣ እህሉም ስንዴና ጤፍ ባቄላም ነው፤ ታዲያ የዓሣ ሕግ ለእኛ ምን ይሆነናል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በደጃፉ በሚያልፈው ውሃ ውስጥ ይገኛል። በክረምት በደነባ ሜዳ ላይ የሚዘንበው ዝናም በየጅረቱ ተሰብስቦ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፤ ጀማም ገደሉን ቈርጦ ቆላውን አቋርጦ ወደ ዓባይ ይገባል። በጀማ ውስጥ ዓሣ አለ። ከጣና የሚወጣው ውሃና ከደነባ የሚወርደው ውሃም በአንዱ በዓባይ ሸለቆ ይገናኛሉ። እንግዲህ በሜዳው ላይ የሚያርሰው ገበሬና በውሃው ላይ መረብ የሚጥለው አጥማጅ፣ ባይተዋወቁም፣ የአንድ ወንዝ ጎረቤታሞች ናቸው።

ዳግመኛም የዓሣ ሕግ መሠረቱ ገበሬ የሚያውቀው ዕውቀት ነው። ገበሬ ጎተራው ቢጐድልና ሐምሌና ነሐሴ ቢከብዱበት፣ ለዘር ብሎ ያስቀመጠውን እህል በቀላሉ አይነካም። ዘሩን የበላ ሰው የሚመጣውን ዓመት እንደ በላ ያውቃልና። ላሚቱንም ከነጥጃዋ አያርድም። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ መታዘዙ ይህንኑ ያስተምራል። ልጁን የወሰደ ሰው የሚወልደውን ደግሞ ከወሰደ ለነገ ምንም አላስቀረም።

2ኛ፤ የማይቈጠር መንጋ

በግና ላም ያለው ሰው መንጋውን ማታ ማታ ይቈጥራል፤ አንዲት ብትጐድል ያውቃል። ዓሣ ግን በውሃ ውስጥ ያለ መንጋ ስለ ሆነ የሚቈጥረው እረኛ የለውም። ደግሞም የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ የያዘው ሁሉ ባለቤት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥማጅ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ያስባል፤ ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ለዘር የሚተርፍ ይጠፋል።

የዚህን ነገር ኃይል በቍጥር መመልከት ይቻላል። አንድ ሰው 20 በጎች አሉት እንበል፤ ከ5 በጎችም በየዓመቱ 2 ግልገሎች ይወለዱለታል እንበል። በመጀመሪያው ዓመት 8 ይወለዳሉ፤ 8 ቢያርድ መንጋው 20 እንደ ሆነ ይኖራል። ነገር ግን 8 አልበቃው ብሎ በየዓመቱ 12 ቢያርድ፣ በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ 16 ይቀሩታል። በሁለተኛው ዓመት 6 ያህል ተወልደው 22 ይሆናሉ፤ 12 ታርደው 10 ይቀራሉ። በሦስተኛው ዓመት 4 ተወልደው 14 ይሆናሉ፤ 12 ታርደው 2 ብቻ ይቀራሉ። በአራተኛው ዓመት የሚታረድ የለም። ይህ ሰው ሦስቱን ዓመት ሁሉ 12፣ 12 ስለ በላ ጥጋብ ያለ መስሎት ነበር፤ ጥጋቡ ግን የመንጋው ማለቅ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለ።

በልኩ የሚያርደው ሰው በ10 ዓመት 80 በጎች ይበላል፤ 20ውም በረት ውስጥ ናቸው። ያለ ልክ የሚያርደው ግን 36 በልቶ በሦስት ዓመት ድኻ ይሆናል። የዓሣ ሕግ ሁሉ ከዚህ ስሌት የወጣ ነው፤ የሚወለደውን ያህል ውሰድ፣ የሚወልደውን ግን ተው ማለት ነው።

3ኛ፤ ዓሣ እንዴት እንደሚራባ

ሕግ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ የፍጥረቱን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። የዓሣ ወገን ሁሉ አንድ ጠባይ የለውምና።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በጣናና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይገኛል። እናቲቱ እንቍላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ተመልሰው ይሸሸጋሉ። ስለዚህ በመራቢያዋ ጊዜ አንዲት ቆሮሶ የያዘ ሰው አንዲት ዓሣ ያዝሁ ቢል ተሳስቷል፤ ከእርስዋ ጋር ቤተ ሰቧን ሁሉ ይዟል።

ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የበለጠ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ በታች ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። የጣና ነጭ ዓሣ እንዲህ ተለይቶ ለብዙ ዘመን ስለ ኖረ፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዓይነቶች ሆነዋል። አንዳንዱ ሌላ ዓሣ ይበላል፤ አንዳንዱ ከጭቃው ውስጥ ትላትል ይለቅማል። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት፣ ወንዞች በሚሞሉበት ጊዜ፣ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና እነርሱን ወደ መሳሰሉት ወንዞች ይሄዳሉ፤ በጠጠርማው ስፍራ እንቍላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ዕድገታቸው የዘገየ ስለ ሆነ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ በዚያ ወራት በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በጥቂት ድካም ብዙ ዓሣ ይይዛል። ነገር ግን የሚይዘው ለመውለድ የሚሄደውን ነው። ይህም ዘር ሊዘራ በሬውን ጠምዶ የወጣውን ገበሬ በመንገድ ላይ ጠብቆ ዘሩን እንደ መንጠቅ ነው።

4ኛ፤ በጣና የሆነው

በጣና ዳር የሚኖሩ ሰዎች ለረጅም ዘመን በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ከዳሩ ብዙም ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። ታንኳው ትንሽ፣ መሣሪያውም ደካማ ስለ ነበረ፣ ሕግ ባይኖርም ድካም ራሱ ሕግ ሆኖ ዓሣውን ይጠብቀው ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ይህ የመጣው ለክፋት አይደለም፤ አጥማጆቹ ከድኽነት እንዲወጡ፣ ሕዝቡም ምግብ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። በእርግጥም ብዙ ዓሣ ወጣ፤ ገበያም ተገኘ። በተለይ በዐቢይ ጾም ከሥጋ የተከለከለው ሕዝብ፣ ዓሣን የማይተው፣ ዓሣ ስለሚፈልግ ነጋዴው ይበረታ ነበር። ነገር ግን የዱሮው ደካማ መሣሪያ ያደርገው የነበረውን ጥበቃ የሚተካ ሕግ በጊዜው አልተሠራም።

ሊቃውንት የተያዘውን ዓሣ እየመዘኑና እየቈጠሩ በመረመሩ ጊዜ፣ ከ1983 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዐሥር ዓመት ውስጥ በመረብ የሚያዘው ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ጐድሎ አገኙት። የታዳጊዎቹ ዓሦች ጕድለትም ከዚህ የባሰ ነበር። ለዚህም ዋና ምክንያት አድርገው ያመለከቱት በክረምት በወንዞች አፍ ላይ የሚደረገውን ማጥመድ ነው። ከላይ በበጎቹ ቍጥር የታየው ነገር በሐይቁ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው።

በደሉ ግን የአጥማጁ ብቻ ነው ማለት አይገባም። ከተራቈተ ተራራ በጎርፍ የሚወርደው አፈር ዓሣው እንቍላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍነዋል፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና ላይ የታወቀው እምቦጭ የሚባለው አረምም የሐይቁን ዳር ይወራል። እንዲህ ከሆነ በተዳፋት ላይ ያለ እርከን የሚያርስ ገበሬም፣ ሳያውቀው፣ ከዓሣው ጥፋት ድርሻ አለው። የደነባም ልጅ ይህን ልብ ሊለው ይገባል።

5ኛ፤ ሕጉ ምን ይላል?

በጥንት ጊዜ የመንግሥት ዐዋጅ በነጋሪት ይታወጅ ነበር፤ ዛሬ ስሙ በቀረለት በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315ን አወጣ። የአማራ ክልልም ከዚያ በኋላ የራሱን የዓሣ ሕግ አወጣ። የእነዚህ ሕጎች ዓላማ የዓሣው ዘርና መኖሪያው እንዲጠበቅ፣ ከመጠን ያለፈ ማጥመድ እንዲከለከል፣ ለሕዝቡም ንጹሕ የዓሣ ምግብ እንዲበዛ ነው።

በዓሣ ሕግ ውስጥ በየአገሩ የሚገኙት ዋና ዋና ሥርዓቶች ከነምክንያታቸው እንደሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ፈቃድ። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ያወጣል። ይህም ስንት አጥማጅ በስንት መረብ እንደሚያጠምድ እንዲታወቅና ከውሃው አቅም በላይ እንዳይሆን ነው።

ለ) የመረብ ዓይን። ዓይኑ የጠበበ መረብ ታላቁንም ታናሹንም ይይዛል፤ ዓይኑ የሰፋ ግን ታናሹን ያሳልፋል። ስለዚህ የመረብ ዓይን በልክ ይወሰናል። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ ገለባውን እንደሚያስቀር፣ የተፈቀደው መረብ ልጁን አሳልፎ የደረሰውን ያስቀራል።

ሐ) ጊዜና ስፍራ። ዓሣ በሚራባበት ወራትና በሚራባበት ስፍራ ማጥመድ ይከለከላል። ክልከላው ለዘወትር አይደለም፤ ዓሣው ወልዶ እስኪመለስ ነው።

መ) መርዝና ፈንጂ። እነዚህ ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። በአንዳንድ ወንዞች የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ውሃ መጨመር የቈየ ልማድ ነው፤ ዓሣው ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ይለቀማል። ነገር ግን መርዝ የመረብ ዓይን የለውም፤ ታላቁን ከታናሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። አንድ ሰው ለአንድ ቀን እራት ብሎ የአንድን ገንዳ ውሃ ትውልድ ያጠፋል።

ሠ) እንግዳ ዓሣ። ከሌላ ውሃ የመጣ ዓሣ ያለ ፈቃድ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ አይጨመርም። እንግዳው ነባሩን ሊበላው ወይም በሽታ ሊያመጣበት ይችላልና።

ረ) ተቈጣጣሪ። ሕጉ መፈጸሙን የሚመለከት፣ መረብንና የተያዘውን ዓሣ የሚመረምር ሹም ይሾማል።

6ኛ፤ ሥርዓቱ ለሸዋ እንግዳ አይደለም

«ይህ ሁሉ ክልከላ የባዕድ ልማድ ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ ከደነባ ሳይርቅ ወደ መንዝ ይመልከት። በዚያ ጓሳ የሚባል ሰፊ የብርድ አገር ሜዳ አለ። በላዩ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይሆናል፤ በሜዳውም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህን ሜዳ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። የመረጧቸው አለቆች ሜዳውን አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ያህል ይዘጉታል፤ በተዘጋ ጊዜ ከብት ያሰማራ ወይም ሣር ያጨደ ይቀጣል። ሣሩ በደረሰ ጊዜ ይከፈታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የቀሮው ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ጠባቂ ባጣ ጊዜ ተጐዳ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በኮሚቴና በደንብ ጥበቃውን አድሶ ቀጠለ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። የመጀመሪያው፣ መዝጋት መንፈግ እንዳልሆነ ነው፤ የተዘጋው እንዲከፈት ነውና። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸናው ሕዝቡ ራሱ ስለ ጠበቀው ነው። የጓሳ ሕግና የዓሣ ሕግ አንድ ናቸው፤ አንዱ በሣር ላይ፣ ሌላው በውሃ ላይ ነው።

7ኛ፤ ከባሕር ማዶ የተገኘ ምሳሌ

በሰሜን አሜሪካ ሜይን በሚባል አገር ሎብስተር የሚሉትን የባሕር ፍጥረት ያጠምዳሉ። ይህ ፍጥረት ጠንካራ ቅርፊትና ሁለት ታላላቅ መቈንጠጫ አለው። አጥማጁ ሎብስተሩን እንዳወጣ የጀርባውን ቅርፊት በመለኪያ ይለካል፤ ልኩ ከ83 ሚሊ ሜትር ያህል ቢያንስ ገና ልጅ ነውና ወደ ባሕር ይመልሰዋል። ከ127 ሚሊ ሜትርም ቢበልጥ ይመልሰዋል፤ ታላቁ ብዙ ይወልዳልና። እንቍላል የተሸከመች እንስት ብትያዝ ደግሞ በጅራቷ ላይ ምልክት ቈርጦ ይለቃታል፤ ሌላው አጥማጅ ምልክቱን ሲያይ፣ እንቍላል በሌላት ጊዜ እንኳ፣ አይወስዳትም። ስለዚህ የአንዱ አጥማጅ ታማኝነት ለማያውቀው ለሌላው አጥማጅ ሲሳይ ይሆናል።

በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ባሕር ግን የተለየ ነገር ሆነ። በዚያ ኮድ የሚባለው ዓሣ ለ500 ዓመት ያህል ሲጠመድ ኖሮ፣ ታላላቅ መርከቦች በመጡ ጊዜ እጅግ አነሰ። ሕግ ቢኖርም የተፈቀደው ልክ ዓሣው ከሚችለው በላይ ነበር። በ1984 ዓ.ም. መንግሥቱ ማጥመድን ፈጽሞ ከለከለ፤ 30,000 ያህል ሰዎችም ሥራቸውን አጡ። ለሁለት ዓመት ተብሎ የታወጀው ክልከላ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ቈየ። በጊዜው ጥቂት መከልከልን ያልታገሠ አገር፣ ኋላ ብዙ መከልከልን ለመታገሥ ተገደደ።

8ኛ፤ ሕግና ድኻ

በዚህ ነገር ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ከዓሣ በቀር መተዳደሪያ የሌለው ድኻ «አታጥምድ» በተባለበት ወራት ልጆቹን ምን ያብላ? ይህ ጥያቄ በቍጣ የሚመለስ አይደለም። ሀብታሙ ነጋዴ ወራቱን በሌላ ሥራ ያልፈዋል፤ ጾሙን የሚያድረው ባለ ታንኳው ነው። ስለዚህ መልካም የዓሣ ሕግ ሁለት እጅ ሊኖረው ይገባል፤ በአንዱ ሲከለክል በሌላው ሊረዳ። ማጥመድ በሚከለከልበት ወራት ሌላ ሥራ እንዲገኝ፣ በኩሬ ዓሣ ማርባት እንዲለመድ፣ ደንቡም ከአጥማጆቹ ጋር ተመክሮበት እንዲወሰን ያስፈልጋል። አጥማጁ ያልመከረበት ሕግ ሌሊት ሌሊት ይሻራል፤ በሐይቅ ላይ ሌሊቱን ሁሉ የሚቆም ዘበኛ ማግኘት አይቻልምና።

ነገር ግን ድኻው ሕጉ ባይኖር የሚሻለው አይምሰለው። ዓሣው ያለቀ እንደ ሆነ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ንግድ ይሄዳል፤ በባዶው ሐይቅ ዳር የሚቀረው ድኻው ነው። ሕጉ ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው እርሱን ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ አጥማጆች ተስማምተው ልክ ቢያበጁ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው።

9ኛ፤ ተማሪው ሊያደርገው የሚገባ

ተማሪ ሆይ፤ ሐይቅ ባይኖርህ ወንዝ አለህ። በወንዝ ውስጥ መርዝ ወይም የብርብራ ፍሬ አትጨምር፤ ሲጨምሩ ብታይም ስለ ምን እንደማይገባ አስረዳ። ትንሽ ዓሣ ብትይዝ በሕይወቱ ሳለ ወደ ውሃው መልሰው። ከአባትህ ጋር እርከን ሥራ፤ በወንዙም ዳር ዛፍ ትከል፤ አፈሩ ለእርሻህ፣ ጥሩው ውሃ ለዓሣው ይቀራልና። ያነበብኸውንም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትህ ንገረው፤ ሕግ የማያውቀውን ሰው ሊጠብቅ አይችልምና።

ጥያቄ

1. ከደነባ የሚወርደው ውሃ በየትኛው ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል?
2. 20 በጎች ያሉት ሰው በየዓመቱ 12 ቢያርድ በሦስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚሆን በቍጥር አስረዳ። 10 ቢያርድስ?
3. የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዝ የሚሄደው ስለ ምንድር ነው? በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ምን ጉዳት ያመጣል?
4. የመረብ ዓይን በልክ እንዲሆን የሚታዘዘው ለምንድር ነው?
5. የመንዝ ጓሳ ሥርዓትና የዓሣ ሕግ በምን ይመሳሰላሉ?
6. በአካባቢህ ባለው ወንዝ ዓሣ በዱሮው ጊዜ እንዴት እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ጠይቅ፤ የነገሩህንም በደብተርህ ጽፈህ ለክፍልህ አንብብ።